ሳሊኒ፦ ከለገዳዲ እስከ ጉባ

ፒዬትሮ ሳሊኒ እ.ኤ.አ. በ1936 ጣሊያን ውስጥ የመሠረተው ድርጅት ኢትዮጵያ የገባው በ1957 ነው። ያኔ የቤተሰብ ኩባንያ ነበር። ዛሬ ስሙን ወደ ዊ ቢዩልድ ቀይሮ፣ አክሲዮኑ ሚላን ገበያ ላይ የሚሸጥ ግዙፍ ተቋራጭ ሆኗል። አዲስ አበቤ ከቧንቧው የሚቀዳው ውኃም ከፊሉ የሚመጣው ይኸው ኩባንያ ከገነባው ከለገዳዲ ግድብ ነው።

ተቋራጭን የሚያሳድገው ሥራው አለመቋረጡ ነው ብዬ አምናለሁ። ዶዘርና ክሬን ሥራ ፈትተው ሲቆሙ የባንኩ ወለድ አይቆምም፤ የሠለጠነው ኦፕሬተርም ሌላ ቀጣሪ ፍለጋ ይሄዳል። ሳሊኒ እኛ ዘንድ ይህ አልገጠመውም። 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግልገል ጊቤ አንድ በ1996 ዓ.ም. ተመረቀ፤ በዚያው ዓመት የጊቤ ሁለት ውል ተፈረመ። ቀጥሎ 243 ሜትር ከፍታ ያለው ጊቤ ሦስት መጣ።

ጊቤ ሁለት ላይ ትንሽ ልቆይ። የራሱ ትልቅ ግድብ የለውም። ከጊቤ አንድ የወጣውን ውኃ 26 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ዋሻ ተራራ ሥር አሳልፎ ወደ ኦሞ ሸለቆ ይለቀዋል፤ በዚያ ቁልቁለት 420 ሜጋ ዋት ይገኛል። በ1999 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ መቆፈሪያው ማሽን የተሰባበረ አለት አጋጠመውና በከባድ ግፊት የመጣ ጭቃ ያን ሁሉ ብረት ወደ ኋላ ገፋው። ሥራው ረጅም ጊዜ ተጓተተ። ጥር 2002 ተመርቆ ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው የዋሻው አንድ ክፍል ተደረመሰ፤ ጣቢያውም ለወራት ቆመ። የከርሰ ምድር ጥናት ላይ የተቆጠበ ጊዜ እንዲህ ተመልሶ ይከፈላል።

የጊቤ ሁለት ውል የተሰጠው ያለ ጨረታ፣ በቀጥታ ድርድር ነበር። ጊቤ ሦስትም የሕዳሴ ግድብም እንደዚያው። መንግሥት ቸኩሎ ነበር፤ መብራት በፈረቃ ያየንበትን ዘመን የሚያስታውስ ሰው ችኮላው ይገባዋል። ነገር ግን ውድድር ባልነበረበት ዋጋው ውድ ይሁን ርካሽ በምን ይመዘናል? የዓለም ባንክን የመሰሉ አበዳሪዎችም እንዲህ ያለውን ውል አይወዱም።

ሕዳሴ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ጉባ ላይ የመሠረት ድንጋዩ ተጣለ። በተከታዩ ዓመት ሳሊኒ ከእሱ የሚበልጠውን ተቋራጭ ኢምፕሬጂሎን በባለአክሲዮኖች ጉባኤ ድምፅ ተቆጣጠረ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ሁለቱ ተዋሐዱ። ተቋራጭ ብድር ሲጠይቅ ባንኩ በቅድሚያ የሚያየው በእጁ ያለውን ሥራ ነው፤ የእኛ ግድቦች ደግሞ በዚያ መዝገብ ላይ ትልቅ ቦታ ነበራቸው።

የአገራችን ተቋራጭስ? አንድ መንገድ ይጨርሳል፣ የክፍያ ሰርተፊኬቱ እስኪጸድቅ ወራት ይጠብቃል፣ ማሽኑ ሜዳ ላይ ይዝጋል፣ ሠራተኛው ይበተናል። የሚቀጥለውን ሥራ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ይህ ያንገበግበኛል፤ ምክንያቱም ግድቦቹ ላይ ኮንክሪቱን በዶዘር ሲያነጥፉ፣ በሮለር ሲጠቀጥቁ የኖሩት ልጆች የእኛው ናቸው። ሙያው አለ፤ ሙያውን አንድ ላይ ይዞ የሚያቆይ የአገር ውስጥ ድርጅት ግን የለም።

ኦሞ ላይ ያለው የኮይሻ ግድብም እ.ኤ.አ. በ2016 በ2.5 ቢሊዮን ዩሮ ለዚሁ ኩባንያ ተሰጥቷል። ከዚያ በኋላ የሚፈረመው የግድብ ውል ውስጥ የአገር ውስጥ ተቋራጭ ድርሻ በመቶኛ ተቆርጦ፣ ክፍያውም የሚፈጸምበት ቀን ተወስኖ ይግባ።