ሁለተኛው ሞተር በጉና ግርጌ

ይፋግ አየር ማረፊያ የላትም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የውጭ ተጓዦች ስለ ገበያዋ እየጻፉ ያለፉባት ይህች የሊቦ ከምከም ከተማ ግን በሁለት ኤርፖርቶች መካከል ነው የተቀመጠችው። በስተሰሜን የጎንደሩ፣ በስተደቡብ የባሕር ዳሩ፤ በአየር ሲለካ ሁለቱም ከ70 ኪሎ ሜትር አይርቁም። በሰማይዋ አካባቢ ፕሮፔለር እያሽከረከረ የሚያልፈው አብዛኛውን ጊዜ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ኪው 400 ነው። እሱ እ.ኤ.አ. በ2010 ከመምጣቱ በፊት ፎከር 50፣ ከዚያ ቀደም ብሎ ደግሞ ኤቲአር 42 እና ትዊን ኦተር ነበሩ። አራቱም ባለ ሁለት ሞተር ቱርቦፕሮፕ ናቸው።

ዛሬ የምናስተዋውቀው የዚሁ ዝርያ ትንሹንና ቅንጡውን ነው፤ ከስምንት እስከ አሥር ሰው የሚይዘውን፣ ባለሀብት ወይም ድርጅት ለራሱ ሥራ ገዝቶ የሚያበርረውን። በዓለም ላይ ስሙ የገነነው ኪንግ ኤር ይባላል። የአሜሪካው ቢችክራፍት ሠርቶት ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው እ.ኤ.አ. በ1964 ሲሆን ዛሬም ከፋብሪካ ይወጣል፤ እስካሁን ከ7,000 በላይ ተሸጧል። ኪንግ ኤር 350 የሚባለው ሙሉ ጭነቱን ይዞ ሲነሳ 6.8 ቶን ይመዝናል። ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የተሠራው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍም ሰባት ቶን ገደማ እንደሚመዝን ይነገራል። መድፉን እየጎተቱ መቅደላ ለማድረስ ወራት ፈጅቷል። አውሮፕላኑ ያንኑ ክብደት ይዞ ከአዲስ አበባ ይፋግ ሰማይ ላይ ለመድረስ፣ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው፣ ከሦስት ሩብ ሰዓት ብዙም አያልፍም።

ቱርቦፕሮፕ የጄት ሞተር ነው፤ ልዩነቱ ጉልበቱን በጭስ ከመገፍተር ይልቅ ፕሮፔለር ለማዞር መጠቀሙ ነው። ኪንግ ኤርም ትዊን ኦተርም የሚጠቀሙት ፕራት ኤንድ ዊትኒ ካናዳ የሚሠራውን ፒቲ 6 ነው፤ ከ50,000 በላይ ተመርቷል። አሠራሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያየው ግራ ያጋባል። አየሩ የሚገባው ከሞተሩ ጀርባ፣ የተቃጠለው ጋዝ የሚወጣው ከፊት በፕሮፔለሩ አጠገብ ነው። የእነዚህ አውሮፕላኖች ሞተር ቤት ጎኑ ጥቀርሻ የሚለብሰው ለዚህ ነው። በውስጡ ደግሞ ሁለት ክፍሎች አሉ። አንደኛው አየር አምቆና ነዳጅ አቃጥሎ ትኩስ ጋዝ ይፈጥራል፤ ሁለተኛው በዚያ ጋዝ ግፊት ብቻ እየዞረ ፕሮፔለሩን ያሽከረክራል። ሁለቱን የሚያገናኝ ዘንግ የለም። አንዱ ሲንገጫገጭ ሌላውን ይዞት አይወድቅም፤ የሞተሩ ዕድሜና ታማኝነት በከፊል ከዚህ የመጣ ነው።

ለኛ አገር ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ ምክንያት አለ፤ ነዳጁ። የፒስተን ሞተር ያላቸው ትናንሽ አውሮፕላኖች የአቪዬሽን ቤንዚን ይፈልጋሉ፤ ያ ቤንዚን ደግሞ በአፍሪካ በብዙ ቦታ እንደ ልብ አይገኝም። ቱርቦፕሮፕ የሚያቃጥለው ትልልቆቹ ጄቶች የሚሞሉትን፣ ከነጭ ጋዝ ብዙም የማይለየውን ነዳጅ ነው። ጄት ነዳጅ በሚሞላበት ሁሉ ያገኘዋል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ሞተር እንምጣ። ገዢው ተጨማሪ ገንዘብ የሚያወጣው ለእሱ ነውና። ብዙ ሰው «አንዱ ቢጠፋ በግማሽ ጉልበት እበራለሁ» ብሎ ያስባል። ስሌቱ ትክክል ነው፣ ግን አያድንም። አውሮፕላን ከፍ የሚለው ቀጥ ብሎ ለመብረር ከሚያስፈልገው በተረፈው ጉልበት ነው። ግማሹ ሲጠፋ የሚሄደው አብዛኛው ይኸው ትርፍ ነው፤ ስለዚህ የአብራሪ ትምህርት ቤቶች እንደሚያስተምሩት የመውጣት አቅሙ 80 በመቶ ያህል ይቀንሳል። በዚያ ላይ የቆመው ሞተር ያለበት ክንፍ ወደ ኋላ ይጎተታል፤ አውሮፕላኑ ወደዚያው ይጠመዘዛል። አብራሪው በሰከንዶች ውስጥ የደኅናውን ሞተር ጎን ፔዳል ረግጦ መያዝ፣ የሞተው የትኛው እንደሆነ ደጋግሞ ማረጋገጥና የሞተውን ፕሮፔለር ምላጮች ጠርዛቸው ለነፋስ እንዲሰጥ ማዞር አለበት። ፍጥነቱ ከተወሰነ ልክ በታች ከወረደ መሪው ጭራሽ አይታዘዝም። በሲሙሌተር በየጊዜው ያልተለማመደ ሰው እጅ ውስጥ ሁለተኛው ሞተር ከበረከቱ ይልቅ ፈተናው ይብሳል።

ነገሩን ደብረ ታቦር ላይ እንየው። ከተማዋ በዓለም የአየር ማረፊያዎች መዝገብ ዲቢቲ የሚል የራሷ ኮድ አላት፤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ላይ ትገኛለች። ቀትር ላይ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሆን እዚያ ያለው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው 30 በመቶ ገደማ ይሳሳል። አውሮፕላን ካርታ አያነብም፤ የሚያውቀው የአየሩን ውፍረት ብቻ ነው። ስለዚህ ለእሱ ያ ሜዳ 3,500 ሜትር ላይ ያለ ነው። ክንፉ ለመነሳት የበለጠ ሩጫ ይፈልጋል፣ ፕሮፔለሩ የሚቧጥጠው አየር ያንሳል፣ ሞተሩም የሙቀት ጣሪያው ላይ ቶሎ ይደርሳል። ሲያርፍም የፍጥነት መለኪያው የለመደውን ቁጥር እያሳየ፣ በመሬት ላይ የሚሮጠው ግን 19 በመቶ ያህል ፈጥኖ ነው።

ትዊን ኦተር የዚህ ዓይነት ሜዳ ጌታ ነው ይባላል፤ ውሸትም አይደለም። በባሕር ጠለል ከፍታ በ366 ሜትር ይነሳል፤ ላሊበላ አስፋልት መንደርደሪያ ሳይኖራት ከሚያርፉባት አንዱ እሱ ነበር። ግን ሙሉ ክብደቱን ይዞ በአንድ ሞተር ሊቆይበት የሚችለው ከፍታ ለ300 ሞዴሉ 3,530 ሜትር ነው። ከላይ ካሰላነው ቁጥር ጋር አስተያዩት። ደብረ ታቦር ላይ በቀትር፣ ሙሉ ጭነት ይዞ ሲነሳ አንዱ ሞተር ቢጠፋበት የቀረው ከፍ አያደርገውም፤ ቢበዛ እዚያው ያቆየዋል። ከተማዋን ከምሥራቅ የሚጋርዳት ጉና ደግሞ ከ4,100 ሜትር ይበልጣል። እዚህ ጋ አንድ ሞተርም ሁለት ሞተርም ያለው አብራሪ የሚያደርገው አንድ ነው፤ ወደ ጣና ሜዳ ቁልቁል መመለስ። ኪንግ ኤር እንኳን ጉልበቱ የተረፈ ነው፤ በአንድ ሞተሩም ከጉና ጫፍ በላይ ይቆያል፣ ካቢኑም አየር የታመቀበት ስለሆነ ተሳፋሪው ከፍታውን አያውቀውም። በልዋጩ ደኅና መንደርደሪያ ይፈልጋል። ደብረ ታቦር ለሚመላለስ ሰው ኪንግ ኤርን መርጦ ባሕር ዳር ማቆምና ቀሪውን በመኪና መሄድ የሚያዋጣ ይመስለኛል።

አንድ ሞተር ከመጥፋቱ ይልቅ ያሳዘኑን ሌሎች ነገሮች ናቸው። ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም. አሜሪካዊውን የምክር ቤት አባል ሚኪ ሌላንድን ጨምሮ 16 ሰዎችን ይዞ ወደ ፉኝዶ የስደተኞች ጣቢያ ይበር የነበረው ትዊን ኦተር በክረምት ደመና ውስጥ ከተራራ ጋር ተላትሞ ሁሉም አለቁ። በዚያው ዓመት መስከረም 5 ቀን ከባሕር ዳር የተነሳ የአየር መንገዱ ቦይንግ 737 የእርግብ መንጋ ሁለቱንም ሞተሮቹን አበላሽቶበት ወድቆ 35 ሰዎች ሞተዋል። የጣና ዳርቻና የፎገራ ሜዳ ወፍ አይጠፋባቸውም፤ ለዚህ ሁለተኛ ሞተር መያዝ ዋስትና አልሆነም።

ባለቤትነትን በተመለከተ ሕጉ ይህን የሚያህል አውሮፕላን አልከለከለም። የግል ኩባንያዎች መጀመሪያ እስከ 20፣ በኋላ እስከ 50 መቀመጫ ባላቸው አውሮፕላኖች እንዲሠሩ ሲፈቀድ ባለ አሥር መቀመጫው ሁልጊዜ ከወሰኑ በታች ነበር። እንዲያም ሆኖ ቻርተር በረራ የሚሠሩት፣ እንደ አቢሲኒያን ፍላይት ሰርቪስስ ያሉት፣ ይበልጥ የሚታወቁት ባለ አንድ ሞተሩን ሴስና ካራቫን በማብረር ነው፤ እሱም የሚነዳው በዚያው ፒቲ 6 ነው። ምክንያቱን ለማግኘት ሒሳብ ማየት ይበቃል። ፒቲ 6 እንደ ዓይነቱ በ3,600 ሰዓት ገደማ ሙሉ እድሳት፣ መሐል ላይ ደግሞ የትኩስ ክፍሉን ፍተሻ ይጠይቃል። እድሳቱ ለአንድ ሞተር በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው፤ ሁለት ሲሆን ሁለት ጊዜ። የመለዋወጫው ዋጋም፣ የሲሙሌተር ሥልጠናውም፣ የኢንሹራንሱም ትልቁ ክፍል በውጭ ምንዛሪ ይከፈላል። በዓመት 200 ሰዓት ብቻ የሚያበርር ባለሀብት 3,600ውን ለመጨረስ 18 ዓመት ይፈጅበታል፤ ቆሞ የሚከርም አውሮፕላን ግን ኢንሹራንሱም ሃንጋሩም የቀን መቁጠሪያ ፍተሻውም አይቆምለትም። ስለዚህ ብዙዎቹ ባለቤቶች ራሳቸው በማይበሩበት ቀን ለቻርተር ያከራዩታል።

ደብረ ታቦርን የግድ በአየር መድረስ ያለበት ሰው፣ ለምሳሌ በሽተኛ የሚያነሳ፣ ከአየሩ ጋር ከመታገል ይልቅ ሰዓቱንና ክብደቱን ማስተካከል ይችላል። አየሩ ቀዝቅዞ በሚወፍርበት ማለዳ፣ ከግማሽ ባልበለጠ ነዳጅ ይነሳል። ባሕር ዳር በአየር ከ80 ኪሎ ሜትር ብዙ አይርቅም፤ 3,000 ሜትር መንደርደሪያ አለው፣ ከፍታውም ወደ 900 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ታንኩን የሚሞላው እዚያ ነው።