ለልጃችን የሚስማማ የግል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንዴት እንምረጥ?

ልጅ የ8ኛ ክፍልን ፈተና፣ በተለምዶ «ሚኒስትሪ» የምንለውን፣ ሲያልፍ ደስታና ጭንቀት ተያይዘው ቤት ይገባሉ። ደስታው የታወቀ ነው። ጭንቀቱ ግን «ከእንግዲህ የት ይማር?» የሚለው ነው። የመንግሥት ት/ቤት ይግባ ወይስ የግል? የግል ከሆነስ የትኛው? ብዙዎቻችን መልሱን የምንፈልገው ከጎረቤት ነው። «የእነ እገሌ ልጅ እዚያ ነው የሚማረው» ሲባል እኛም ወደዚያው እንሮጣለን።

በሬ ሊገዛ ገበያ የወጣ ገበሬ እንኳ እንዲህ አይቸኩልም። ጥርሱን ያያል፤ ሰኮናውን ይመረምራል፤ ወዲያ ወዲህ ያስኬደዋል። ከሁሉ በፊት ግን ቤቱ ያለውን ሌላውን በሬ ያስባል። የማይመጣጠኑ በሬዎች በአንድ ቀንበር ቢጠመዱ እርሻው አይሄድምና። ት/ቤት መምረጥም እንዲሁ ነው። ጥሩ ት/ቤት ማለት ስሙ የገነነው ሳይሆን ለልጃችንና ለአቅማችን የሚስማማው ነው። ይህንንም ለማወቅ ልጁን፣ ት/ቤቱንና ኪሳችንን በየተራ መመርመር ያስፈልጋል።

የግል ት/ቤት ስንል

በደርግ ዘመን አብዛኞቹ የግል ት/ቤቶች ወደ መንግሥት ይዞታ ተዛውረው ነበር። በ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከወጣ በኋላ ግን የግል ት/ቤቶች በአዲስ አበባና በክልል ከተሞች እየበዙ መጡ። ከእነዚህም ውስጥ በባለሀብት የተቋቋሙ፣ በሃይማኖት ድርጅቶች የሚተዳደሩ፣ እንዲሁም ሕዝብ አዋጥቶ የሠራቸው ይገኙበታል።

አሁን ሁለተኛ ደረጃ የሚባለው ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለው ነው። የውጭ አገር ሥርዓተ ትምህርት ከሚከተሉት ጥቂቶች በቀር፣ የግሉም የመንግሥቱም ት/ቤት የሚያስተምረው አንድ ዓይነት ትምህርት ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተናውም አንድ ነው። እንግዲህ ገንዘብ የምንከፍለው ለሌላ ዓይነት ትምህርት ሳይሆን ለተሻለ አያያዝ ነው ማለት ነው። የተሻለ አያያዝ ከሌለ ክፍያው ከንቱ ነው። ጎበዝ መምህራን ያሉት የመንግሥት ት/ቤት ሰፈራችን ካለ፣ «የግል አላስገባሁትም» ብሎ ማፈር አይገባም።

አንደኛ፤ ልጁን እንወቅ

ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ የልጁ እንግሊዝኛ ደካማ ከሆነ ሒሳቡንም ፊዚክሱንም ሊያጠፋበት ይችላል። እንዲህ ያለውን ልጅ ጎበዞችን ብቻ መርጦ በሚያስሮጥ ት/ቤት መክተት ከኋላ እንዲቀር መፍረድ ነው። የሚያስፈልገው ከሥር ጀምሮ የሚደግፈው፣ የማጠናከሪያ ትምህርት የሚሰጠው ት/ቤት ነው። በሌላ በኩል ትምህርቱ የቀለለውና የሚሰለች ልጅ ሲሆን ጠንከር ያለ ፉክክር ያለበት ቦታ ይጠቅመዋል።

ጠባዩንም እንይ። ዝምተኛ ልጅ 70 ተማሪ በታጨቀበት ክፍል ውስጥ ዓመቱን ሙሉ አንድ ጥያቄ ሳይጠይቅ ሊወጣ ይችላል። ዓይኑ የሚደክም፣ ጆሮው የማይሰማለት ወይም እግሩን የሚያመው ልጅ ካለን፣ ት/ቤቱ ፊት ወንበር ለመስጠት፣ ክፍሉን ምድር ቤት ለማድረግ ፈቃደኛ መሆኑን አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

ዝንባሌም አለ። 11ኛ ክፍል ሲደርስ ተማሪው የተፈጥሮ ሳይንስ ወይም የማኅበራዊ ሳይንስ መስክ ይይዛል። የተፈጥሮ ሳይንሱ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂን፣ ማኅበራዊ ሳይንሱ ታሪክ፣ ጂኦግራፊና ኢኮኖሚክስን ይፈተናል። እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና አፕቲትዩድ ለሁለቱም የጋራ ናቸው። ታሪክ የምትወድ ልጃችንን የተፈጥሮ ሳይንስ ብቻ በሚያስተምር ት/ቤት ካስገባናት፣ 11ኛ ክፍል ላይ ወይ የማትወደውን ትማራለች፣ ወይ ት/ቤት ፍለጋ እንደገና ትዞራለች። ስለዚህ ሁለቱም መስክ መኖሩን ገና በ9ኛ ክፍል መጠየቅ ይበጃል።

ይህን ሁሉ ለማወቅ ዋናው መንገድ ልጁን ራሱን ማነጋገር ነው። «ልጄ፣ ከትምህርቱ የቱ ይቀልሃል? የቱስ ያስቸግርሃል? ለምን እዚያ መግባት ፈለግህ?» እንበለው። መልሱ «ጓደኞቼ ስለገቡ» ብቻ ከሆነ፣ ሳንቆጣ ሌላውንም እንድናይ አብረን እንውሰደው።

ሁለተኛ፤ ት/ቤቱን ሄደን እንይ

የምዝገባ ሰሞን ሁሉም ግቢ ያምራል። ግድግዳው ተቀብቶ፣ ባንዲራው ተሰቅሎ ይጠብቀናል። የት/ቤት ጠባይ የሚታወቀው ግን ትምህርት ባለበት ቀን ነው። ከተቻለ ከመመዝገባችን በፊት ባለው ዓመት፣ በአንዱ የሥራ ቀን ሄደን እንመልከት። ደወል ከተደወለ በኋላ ተማሪው ደጅ ነው ወይስ ክፍል ውስጥ? መምህሩስ ገብቷል? የሚከተሉትን ደግሞ ሳናፍር እንጠይቅ።

ሀ) ፈቃድና ደረጃ። የግል ት/ቤት በየጊዜው የሚታደስ የዕውቅና ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ፈቃዱ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል በሙሉ መሆኑን እንይ። በተጨማሪ ት/ቤቶች በኢንስፔክሽን ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4 ይመደባሉ። 3 እና 4 መለኪያውን ያሟሉ ሲሆኑ፣ 1 እና 2 ከመለኪያው በታች ናቸው። «ደረጃችሁ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ የወላጅ መብት ነው።

ለ) መምህራን። የሒሳብና የፊዚክስ መምህሩ በዚያ ት/ቤት ስንት ዓመት ቆየ? ባለፈው ዓመት ስንት መምህር ለቀቀ? መምህር በየመንፈቁ የሚለዋወጥበት ት/ቤት ሕንፃው ቢያምርም ልጅን አያጸናም።

ሐ) የተማሪ ብዛት። ለሁለተኛ ደረጃ የተቀመጠው መለኪያ በአንድ ክፍል 40 ተማሪ ነው። በወረቀት የተነገረንን ቁጥር ትተን ወንበሩን ራሳችን እንቁጠር።

መ) ቤተ ሙከራ፣ ቤተ መጻሕፍትና ኮምፒዩተር። ክፍሉ መኖሩ ብቻ አይበቃም። የቤተ ሙከራው ጠረጴዛ አቧራ ከለበሰ ማንም አይሠራበትም ማለት ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍልን ፈተና በኮምፒዩተር የሚፈተኑ ተማሪዎች ስላሉ፣ ኮምፒዩተር ነክቶ የማያውቅ ልጅ ሊቸገር ይችላል።

ሠ) ውኃና መጸዳጃ ቤት። ይህን ብዙ ሰው ንቆ ያልፈዋል። ነገር ግን ውኃ የሌለው፣ መዝጊያው የተሰበረ መጸዳጃ ቤት ልጃገረዶችን በየወሩ ከትምህርት ያስቀራል።

ረ) ርቀት። ልጁ ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቶ፣ ሁለት ታክሲ ይዞ፣ ማታ 1 ሰዓት ቤት የሚገባ ከሆነ መቼ ያጠናል? መቼስ ይተኛል? ከሩቁ ስመ ጥር ይልቅ የቅርቡ ደህና ት/ቤት የሚሻልበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሦስተኛ፤ የውጤት ማስታወቂያን በጥንቃቄ እናንብብ

የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ የብዙ ት/ቤቶች ጓዳ ተገለጠ። በ2014 ዓ.ም. ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ሆኑ። በ2014 ዓ.ም. አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ት/ቤቶች ከ1,000 በላይ ነበሩ። ስለዚህ ወላጅ ውጤት መጠየቁ ትክክል ነው። አጠያየቁን ግን ማወቅ አለበት።

ለምሳሌ ሁለት ት/ቤቶች አሉ እንበል። የመጀመሪያው በትልቁ «100 በመቶ አሳልፈናል» ብሎ ጽፎ በር ላይ ሰቅሏል። ያስፈተናቸው 20 ተማሪዎች ሲሆኑ ሁሉም አልፈዋል። ሁለተኛው ግን ካስፈተናቸው 54 ተማሪዎች ያለፉት 18 ናቸው። ላይ ላዩን ሲታይ የመጀመሪያው እጅግ ይበልጣል። አሁን አንድ ጥያቄ እንጨምር፦ «እነዚህ ልጆች 9ኛ ክፍል ሲገቡ ስንት ነበሩ?» የመጀመሪያው 90 ተማሪ ተቀብሎ ነበር። ውጤታቸው ዝቅ ያለውን በየዓመቱ «ሌላ ት/ቤት ፈልጉ» እያለ አሰናበተና 20 ቀሩ። ሁለተኛው የተቀበለው 60 ነው፤ 6ቱ ብቻ ናቸው ያልደረሱት። እንግዲህ ከገቡት ውስጥ ለማለፍ የበቁት በመጀመሪያው ከ100 ወደ 22 ገደማ፣ በሁለተኛው ግን ከ100 ሠላሳ ናቸው። መካከለኛ ልጅ ላለን ወላጆች የሚሻለው ሁለተኛው ነው።

ስለዚህ ሁልጊዜ ሦስት ቁጥር እንጠይቅ፤ ስንት ገቡ? ስንት ተፈተኑ? ስንት አለፉ?

አራተኛ፤ ወጪውን እስከ 12ኛ ክፍል እናስላ

ወርኃዊ ክፍያው ብቻ አያታልለን። ለምሳሌ ያህል ወርኃዊው 2,500 ብር ነው እንበል። ለ10 ወር 25,000 ይሆናል። ሰርቪስ በወር 1,000 ብር ቢሆን 10,000። መመዝገቢያ 1,500፣ የደንብ ልብስ 2,500፣ መጽሐፍና ደብተር 3,000። ድምሩ 42,000 ብር ነው። በወር 2,500 መስሎን የጀመርነው 4,200 ሆነ ማለት ነው። አራት ዓመት ሲሆን 168,000 ብር ነው፤ ያውም ጭማሪ ሳይታሰብ። ጭማሪ ደግሞ መምጣቱ አይቀርም።

ይህን ማስላት የሚያስፈልገው ለምንድን ነው? ገንዘቡ 11ኛ ክፍል ላይ ቢያልቅ የሚጎዳው ልጁ ስለሆነ ነው። ከመምህሩና ከጓደኞቹ ተነጥሎ፣ ለፈተና አንድ ዓመት ሲቀረው አዲስ ቦታ ይጀምራል። ውዝፍ ክፍያ ካልተከፈለ መሸኛ የማይሰጡ ት/ቤቶችም አሉ። በተበደርነው ገንዘብ ሁለት ዓመት ውድ ት/ቤት ከማስተማር፣ በአቅማችን አራት ዓመት ሳይቋረጥ ማስተማር ይሻላል።

ሌሎቹንም ልጆች እናስብ። ያለን ሁሉ በታላቁ ላይ ካለቀ ታናሾቹ ምን ይደርሳቸዋል? በተለይ ለወንዱ የግል ት/ቤት ከፍሎ ሴቷን ለቤት ሥራ ማስቀረት ትልቅ በደል ነው። ሁለቱም ልጆቻችን ናቸው።

ከተመዘገበ በኋላ

ት/ቤት ማስመዝገብ የሥራው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻው አይደለም። «ከፍያለሁ፣ ከእንግዲህ የነሱ ፋንታ ነው» የሚል ወላጅ ገንዘቡንም ልጁንም ይጎዳል። ፊደል መቁጠራችን የሚጠቅመን እዚህ ላይ ነው። ውል ሲሰጠን አንብበን እንፈርም። ቁጥሩ ወይም ቃሉ ካልገባን «እባክዎ ያስረዱኝ» ማለት ነውር የለውም። የውጤት ካርድ ሲመጣ ደረጃውን ብቻ አይተን አንመልሰው። የየትምህርቱን ነጥብ፣ የቀረበትንም ቀን እንይ። የወላጅ ስብሰባ ሲጠራ እንገኝ። ጭማሪም ሆነ የመምህር እጥረት ሲኖር አንድ ወላጅ ለብቻው ከሚያጉረመርም ሁሉም ተሰብስቦ ቢነጋገር ይሰማል።

አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት ያለ ነገር አይደለም። የደንብ ልብሱ ማማር፣ የሕንፃው ፎቅ፣ የት/ቤቱ ስም ሁሉ እንደ ጥምጥሙ ናቸው። የምንፈልገው ግን ልጁ ጠዋት ሲሄድ የማያውቀውን ማታ አውቆ መመለሱን ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ት/ቤት ከመምረጣችን በፊት ስለ ልጃችን ምን ምን ማወቅ ይገባናል?
2. «100 በመቶ አሳልፈናል» የሚል ማስታወቂያ ስናይ የትኞቹን ሦስት ቁጥሮች እንጠይቃለን? ለምን?
3. በአካባቢያችሁ ያለ የአንድ ት/ቤት የዓመት ወጪ ስንት እንደሚሆን በጽሑፉ እንደተመለከተው ደምሩ። የአራት ዓመቱስ ስንት ይመጣል?
4. በሰፈራችሁ ያለው የመንግሥት ት/ቤት ከግሉ የሚሻልበት ነገር ካለ ተወያዩበት።