የአገር አማካይ ደርድሮ «ቀዳሚ ነን» ማለት ይቁም

ከትናንት ጀምሮ አንድ ስላይድ በየቻናሉ እየዞረ ነው። የአራት አገር ወጣቶች ንግድ የመጀመር ሐሳብ በአማካይ ነጥብ ተደርድሯል፤ የእኛ ባር ከሁሉም ረዝሟል፤ ከላይ «ኢትዮጵያ ቀዳሚ» ተብሎ ተጽፎበታል። ዛሬ ጠዋት ቢሮ ስገባ ደግሞ ለፕሮፖዛል መግቢያ አድርጉት ተብሎ ተላከልን። አላስገባሁትም። ምክንያቴን ሁላችሁም እንድታዩት እዚህ እጽፈዋለሁ።

ስላይዱ የተጠቀመበት መጠይቅ ላይ ቅሬታ የለኝም። ተመራማሪዎቹ ሊኛንና ቼን እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተሙት ነው፤ በስፔንና በታይዋን 519 ሰዎች ላይ ተፈትሿል፤ መነሻው የአይዘን የታቀደ ባሕርይ ንድፈ ሐሳብ ነው። ነገር ግን የፈተሹት አመለካከት፣ የቅርብ ሰው ይሁንታና «እችለዋለሁ» ባይነት ከሐሳቡ ጋር ያላቸው ትስስር በሁለቱም አገር ይሠራል ወይ የሚለውን ነው። አገር ከአገር ለማስበለጥ አልተነሱም።

1. አማካይ ከመወዳደሩ በፊት ኢንቫሪያንስ፣ ማለትም መጠይቁ በየአገሩ አንድ ዓይነት ነገር በአንድ ዓይነት መለካቱ፣ ይፈተሻል። በሦስት ደረጃ፦ ኮንፊጉራል፣ ሜትሪክ፣ ስኬላር። ስኬላሩ ካልቆመ አማካይ አይወዳደርም፣ በቃ። ስላይዱ ላይ ስለዚህ አንድ መስመር የለም።

2. ከ1 እስከ 7 ባለው መለኪያ ላይ ሰው ሁሉ እኩል አያሰምርም። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣ ጥናት የጃፓንና የታይዋን ተማሪዎች ከአሜሪካና ከካናዳ ተማሪዎች ይልቅ መሐሉን እንደሚመርጡ አሳይቷል። የታይዋን 4 እና የአሜሪካ 6 ቁጥሩን ብቻ አይቶ አይነጻጸርም።

3. ጠያቂው ማን ነው? ደሜን የሚያፈላው ይሄ ነው።

እኛ ሜዳ የምንወጣው በወረዳ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው ለሥራ ዕድል ፈጠራ ጽሕፈት ቤት ይመራል። ጽሕፈት ቤቱ ሥራ አጥ ብሎ የመዘገባቸውን ወጣቶች ደውሎ አዳራሽ ይሰበስባል። በሩ ላይ ስም የምትይዘው ባለሙያ ለሼድና ለብድርም ስም የምትይዘው ናት። ከዚያ ታብሌት ይዘን «የራሴን ድርጅት ለመመሥረት ማንኛውንም ነገር ለማድረግ ዝግጁ ነኝ» ብለን ለአንዱ ወጣት እናነብለታለን። ልጁ ምን እንዲል ነው የምንጠብቀው? ሰባት ነዋ! ሦስት ቢል ከዝርዝሩ የሚሰረዝ ይመስለዋል፤ እንዲህ ቢያስብም አልፈርድበትም።

ባለፈው ሥራችን አንዲት ወጣት ሁሉንም ሰባት ብላ ከጨረሰች በኋላ መረጃ ሰብሳቢያችንን «የብድሩ ዝርዝር መቼ ይለጠፋል?» አለችው። ልጅቷ መንገድ ዳር ጀበና ቡና ትሸጣለች። ነጋዴ ናት! ፋይሉ ላይ ግን «ወደፊት ለመጀመር ታስባለች» ሆና ተመዘገበች። እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ አገራትን የሚያወዳድረው ጂኢኤም የተባለ የሥራ ፈጠራ ጥናት እንኳ የሐሳቡን መጠን ሲያሰላ በሥራው ላይ ያሉትን ለይቶ አውጥቶ፣ የቀሩትን በሚቀጥሉት ሦስት ዓመታት ይጀምሩ እንደሆነ ይጠይቃል። እኛ ደግሞ ጊዜ ሳንወስን፣ ነጋዴውንም ሳንለይ እንደምራለን። ሌላ አገር ክፍል ውስጥ ወረቀት የሚሞላ ተማሪ ሰባት ስላለ የሚያገኘው ሼድ የለም። ታዲያ ሁለቱን ባር አጠገብ ለአጠገብ ማቆም ምን ይባላል?

ስለ ናሙናም ልጽፍ ነበር። ተማሪ ብቻ ጠይቆ «ወጣቱ» ማለት፣ ያውም ኮርሱን የሚያስተምረው መምህር ራሱ ወረቀቱን አድሎ... ይቅር፣ ብዙ ነው።

ጥናት አሠሪዎቹ ናቸው የሚያናድዱት። በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚቆረጠው ፓይለቱ (የሙከራ ጥናቱ) ነው። ሰዎች ጥያቄውን እንዴት እንደተረዱት ቁጭ ብለን እናነጋግራቸው ስንል «ጊዜ የለም» ይሉናል፤ ለምረቃ ዝግጅቱ አዳራሽና ባነር ግን ጊዜም ገንዘብም አለ። ዩኒቨርሲቲዎቻችንም ይህን ዓይነት ጥናት ያለ ጥያቄ ያሳልፋሉ። በዚያ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ ሥልጠና ይታቀዳል፣ «ሐሳቡ አላቸው፣ ክህሎት ብቻ ነው የጎደላቸው» ይባላል፤ የቡና ሻጯ የብድር ጥያቄ እንደተንጠለጠለ ይቀራል።

የምትጠይቁ ካላችሁ፣ ከወረዳው ሰው ተለይታችሁ ወጣቶቹን ቤታቸው ጠይቁ። ከሐሳቡ ጎን የተደረገ ነገር ጨምሩ፦ ባለፉት 12 ወራት ቦታ አፈላልገሃል? ለዚሁ ብለህ ዕቁብ ገብተሃል? ንግድ ፈቃድ ጠይቀሃል?

የስላይዱ ጥሬ ዳታ ያለው ሰው በውስጥ መስመር ይላክልኝ። ኢንቫሪያንሱን በነጻ እሠራዋለሁ፤ ውጤቱንም ምንም ይሁን ምን እዚሁ እለጥፋለሁ።