የሕዋስ ሞትና ፎስፋቴዞች

በሰው አካል ውስጥ በየቀኑ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ሕዋሳት ይሞታሉ። ብዙዎቹ የሚሞቱት ጉዳት ደርሶባቸው ሳይሆን ሥራቸውን ጨርሰው፣ በሥርዓት ነው። የፅንስ ጣቶች እንኳ የሚለያዩት በመካከላቸው ያሉት ሕዋሳት በዚህ መንገድ ስለሚወገዱ ነው። ኬር፣ ዋይሊና ከሪ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1972 እ.ኤ.አ. ይህን ሞት አፖፕቶሲስ ብለው ሰየሙት።

ሞቱን የሚያስፈጽሙት ካስፔዝ የሚባሉ ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይሞች ናቸው። እነሱ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ግን በሕዋሱ ውስጥ ረቂቅ ትግል ይካሄዳል። ካይኔዝ የሚባሉ ኢንዛይሞች በፕሮቲኖች ላይ ፎስፌት ይለጥፋሉ፤ ፎስፋቴዝ የሚባሉት ያነሱታል። ፎስፌት በተለጠፈ ወይም በተነሳ ቁጥር የፕሮቲኑ ጠባይ ይለወጣል።

«ባድ» የተባለው ፕሮቲን ይህን ጥሩ አድርጎ ያሳያል። ሕዋሱ የዕድገት መልእክት እስከደረሰው ድረስ ኤኬቲ የተባለው ካይኔዝ ፎስፌት ይለጥፍበታል፤ በዚህም 14-3-3 የሚባሉ ፕሮቲኖች ይዘው ከማይቶኮንድሪያ ያርቁታል። በሕዋሱ ውስጥ ካልሲየም ከልክ በላይ ሲጨምር ካልሲኒውሪን የተባለው ፎስፋቴዝ ይነቃና ፎስፌቱን ያነሳዋል። ያኔ «ባድ» ተለቅቆ ወደ ማይቶኮንድሪያ ይሄዳል፤ የሕዋሱን ሕይወት የሚጠብቀውን ቢሲኤል-ኤክስኤል ይይዝና ሥራውን ያግደዋል። የማይቶኮንድሪያው ውጫዊ ሽፋን ይበሳል፣ ሳይቶክሮም ሲ ይወጣል፣ ካስፔዞች ይነሣሉ። ከዚህ በኋላ መመለስ አስቸጋሪ ነው።

ፎስፋቴዝ ሁሉ ወደ ሞት ይገፋል ማለት ግን አይደለም። ፒፒ5 የተባለው ፎስፋቴዝ ሕዋሱ በኦክስጅን ውላጆች ሲጨነቅ የሞት መልእክት የሚያስተላልፈውን ኤኤስኬ1ን ፎስፌቱን አንስቶ ያበርደዋል። ወሳኙ ፎስፌቱ ከየትኛው ፕሮቲን ላይ መነሣቱ ነው። ፒቴን ደግሞ ፎስፌት የሚያነሳው በዋናነት ከሽፋን ቅባት ላይ ሲሆን፣ በዚህም ኤኬቲን ይገታል። በብዙ ካንሰሮች እንደሚታየው ፒቴን ሲጠፋ መሞት የነበረበት ሕዋስ ይተርፋል፣ ይባዛል።

ሚዛኑ ከውጭም ሊናጋ ይችላል። በቆቃ ግድብ ሐይቅ የሚበዛው ማይክሮሲስቲስ የተባለ ባክቴሪያ ማይክሮሲስቲን የሚባል መርዝ ያመነጫል። መርዙ የጉበት ሕዋሳት ውስጥ ገብቶ ፒፒ1 እና ፒፒ2ኤ የተባሉትን ፎስፋቴዞች ያግዳል። የሚያነሳው ያጣ ፎስፌት የሕዋሱን ቅርጽ በያዙ ፕሮቲኖች ላይ ይከማቻል፤ ሕዋሳቱ ይፈራርሳሉ፣ ጉበቱም ይደማል። በ1996 እ.ኤ.አ. በብራዚሏ ካሩዋሩ ከተማ ይህ መርዝ ያለበት ውሃ ለኩላሊት እጥበት ውሎ ከ50 በላይ ሕሙማን ሞተዋል። ውሃውን ማፍላት መርዙን አያጠፋውም።