ስንዴውን ማን ያስፈጭ?

በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ከታቀፉት የደቡብ ጎንደር ወረዳዎች መካከል ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ይገኙበታል። ጉልበት ያለው ቤተሰብ በአባል ቁጥር በወር 5 ቀን እርከን እየሠራ፣ መንገድ እየጠረገ ይከፈለዋል፤ መሥራት የማይችለው፣ ጧሪ ያጣው አዛውንት ጭምር፣ ሥራ ሳይጠየቅ ይሰጠዋል። ይህኛው ቀጥታ ድጋፍ ይባላል፤ በእህል ሲሰጥ ስሌቱ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ነው። ለገጠር አረጋዊ ከዚህ የተሻለ የመንግሥት ድጋፍ አላውቅም። ነገር ግን 15 ኪሎ ስንዴ ገና እንጀራም ዳቦም አይደለም። ብቻቸውን የሚኖሩ እናት ከማከፋፈያው ማስመጣት፣ መልቀም፣ ወፍጮ ቤት ማድረስ፣ ውኃ በጀሪካን ከምንጭ ማስቀዳት፣ ኩበት ማግኘት አለባቸው። ከ3,000 ሜትር ከፍታ በላይ በምትገኘው የላይ ጋይንቷ ነፋስ መውጫ እሳት ያልነደደበት ቤት ማደር ለጎረምሳም ይከብዳል። የጎደለው እህሉ ብቻ ሳይሆን ጉልበቱም ነው፤ ጉልበቱ ደግሞ እዚያው ፕሮግራም ውስጥ አለ። ውኃ የምትቀዳላቸው፣ ልብሳቸውን የምታጥብላቸው፣ ስንዴውን የምታስፈጭላቸው ጎረቤት ቀኗ እንደ እርከን ሥራ ቢቆጠርላት ምን ይከለክላል? የፕሮግራሙ መመሪያ ጉልበት ባነሳቸው እማወራዎች የግል ማሳ ላይ እንኳ የልማት ሥራ እንዲሠራ ይፈቅዳል። እስከ ማሳው ከተሄደ እስከ ምድጃው መሄድ ሩቅ አይደለም።

መጦር የልጅ ግዴታ ነው የሚል ይኖራል፤ እውነቱን ነው። ሆኖም ከእስቴም ከስማዳም ልጁ ለሰሊጥ ሥራ መተማና ሁመራ ይወርዳል፣ ወይም ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ይቀራል። መሬቱን በእኩል የያዘው አራሽም ምርቱን ያካፍላል እንጂ ውኃ አይቀዳም። በ2002 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ እንደተመሠረተው መቄዶንያ ያለ ማዕከል ይሠራ የሚሉም አሉ። መቄዶንያ ጎዳና ላይ የወደቀውን ያነሣል፤ ቤት፣ መሬት፣ ደብርና እድር ያለውን ሰው ግን ከነዚህ ነቅሎ ከተማ ማስገባት ሌላ ጉዳት ነው። ከሁሉም የሚከብደው ክፍያ ጉርብትናን ይገድላል የሚለው ስጋት ነው። እድር ግን መዋጮና ቅጣት አለው፤ በዚህ የተነሳ ለቀስተኛ ጠፋ ያለ የለም። ደግሞ ጎረቤቷም ድሃ ናት፤ በነጻ የምትሰጠው ቀን ከራሷ ጓዳ የሚጎድል ነው። እርግጥ ቤት ውስጥ የሚሠራ ሥራ እንደ እርከን በሜትር አይለካም፣ ለሌብነትም ያጋልጣል። ስለዚህ ረዳቷን አዛውንቷ ራሳቸው ይምረጡ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ቤት ለቤት ስትዞር ትጠይቃቸው። የቀበሌ የምግብ ዋስትና ግብረ ኃይሎች የሚቀጥለውን ዓመት የሥራ ዕቅድ ሲያወጡ ይህን ሥራ ከእርከኑና ከመንገዱ ጎን ያስገቡት።