ያውቁ ኖሯል? ባሕር የተሻገረው እስክስታ

እስራኤል ውስጥ፣ ሄርዝል ተራራ ላይ፣ በሱዳን በኩል ወደ ኢየሩሳሌም ሲጓዙ መንገድ ላይ ለቀሩት ቤተ እስራኤላውያን (የኢትዮጵያ አይሁዶች) መታሰቢያ ቆሟል። የደረሱት ጓዝ አልነበራቸውም፤ ትከሻቸውን ግን ይዘውት መጥተዋል።

እስራኤላዊቷ ዳንሰኛ ሩት ኤሼል እ.ኤ.አ. በ1995 በሃይፋ ዩኒቨርሲቲ ከኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ጋር «እስክስታ» የተባለውን የዳንስ ቲያትር መሠረተች። ጎንደር ሰርግ ቤት ማንም ሳይማረው የሚያውቀው ጭፈራ (እግር ረጋ፣ አንገት ሰበቅ፣ ትከሻ ንጥቅ) የዘመናዊ ዳንስ ቋንቋ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2005 «ቤታ» የተሰኘው ቡድን ተከተለ።

ከ«እስክስታ» ዳንሰኞች አንዷ፣ በልጅነቷ ከኢትዮጵያ የሄደችው ደጌ ፌደር ናት። እሷ ደግሞ ቤታን ለመምራት በቃች፤ ዳንሱንም ራሷ ትደርሳለች። ለእኔ ትልቁ ነገር ይኸኛው ነው።