ባትሪው የት ያድራል?

ደጋ ላይ ሶላር የሚገዛ ሰው ብርሃን ፈልጎ ነው የሚመጣው፤ ሁለት ሦስት አምፖል፣ የስልክ ቻርጅ፣ ቢበዛ ቴሌቪዥን። ሶላር በምሸጥባት ቆላማ ከተማ፣ ሸሕዲ ውስጥ ግን ስለ አምፖል የሚጠይቀኝ ጥቂት ነው። እዚህ የሚፈለገው ንፋስና ቀዝቃዛ ውኃ ነው። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍና ሌሊቱም አልበርድ ሲል ሰው አልጋውን ደጅ አውጥቶ ያድራል። ያን ሰሞን ነው "ቬንትሌተርና ፍሪጅ የሚያሠራ ሶላር ስንት ነው?" የሚለው የሚበዛው።

ዋጋ ከመናገሬ በፊት የምጠይቀው ጥያቄ አለኝ፦ ባትሪው የት ነው የሚቀመጠው? አብዛኛው ሰው ግር ይለዋል። ስለ ፓነሉ ብዙ አስቦ መጥቷል፤ ስንት ዋት እንደሚሻል፣ የየትኛው አገር ሥሪት እንደሚበረታ ጎረቤት ጠይቋል። ባትሪው ግን ቤት ውስጥ ቦታ የሚፈልግ ዕቃ መሆኑ ትዝ አላለውም። በዚህ ቆላ ሶላር ይሁናችሁ አይሁናችሁ የሚወሰነው እዚሁ ላይ ነው ባይ ነኝ።

ፓነሉ ጀርባ ላይ የተጻፈው ዋት የተለካው ሴሉ 25 ዲግሪ ላይ ሳለ ነው። እኛ ዘንድ ቆርቆሮ ላይ የተሰቀለ ፓነል በቀትር 70 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። ከ25 በላይ በየዲግሪው 0.4 በመቶ ገደማ ይቀንሳል ብላችሁ ብታሰሉት፣ 200 ዋት ብላችሁ የገዛችሁት ወደ 165 ወርዷል። ይህ ብዙም አያሳስበኝም። ከቆርቆሮው አንድ ስንዝር ከፍ አድርጎ ንፋስ እንዲያገኘው ማሰር፣ አቧራውን በጠዋት ሳይግል ማጠብ፣ ካልበቃም አንድ ፓነል መጨመር ነው፤ ፀሐይ እንደሆነ ሞልቶናል። በባትሪ ግን አይቀለድም። የሊድ አሲድ ባትሪ ዕድሜ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው በግማሽ ያጥራል የሚለው የሙያው የቆየ ስሌት ነው። ቀዝቀዝ ባለ ቦታ አምስት ዓመት የሚያገለግለው 35 ዲግሪ ውስጥ ከከረመ ሁለት ዓመት ተኩል ቢሰጣችሁ ነው። ሊቲየሙ ይሻላል፤ እሱንም ቢሆን አብዛኞቹ አምራቾች ከ45 ዲግሪ በላይ ሆኖ እንዳይሞላ ያስጠነቅቃሉ። የተዘጋ የቆርቆሮ ሱቅ በሚያዝያ ቀትር ይህን ያልፋል።

ስለዚህ ግቢያችሁን አሳዩኝ እላለሁ። ብዙው ሰው አዲስ የቆርቆሮ ቤት ሠርቶ የድሮውን ሳር ክዳን ለዕቃ ማስቀመጫ ትቶታል። ባትሪው የሚገባው እዚያ ነው፤ ግድግዳው ጭቃ፣ ክዳኑ ሳር፣ ወለሉ መሬት፣ ንፋስም ያለው። የሊድ ባትሪ ሲሞላ ጋዝ ስለሚያወጣ እሳት የሚነድበት ቤት አይሆንም። ግን ደግሞ ጎጆው ከፓነሉ 20 ሜትር ከራቀ ሌላ ጣጣ ይመጣል፦ በ12 ቮልት ስምንት አምፔር የሚሄድበትን መስመር በ1.5 ካሬ ሚሊሜትር ቀጭን ሽቦ ብትዘረጉት ደርሶ መልሱ አራት ቮልት ገደማ ይበላል፤ ከሦስት አንዱ እጅ መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው። ወፍራም ሽቦ ውድ ነው። ገንዘቡ ከሌለ ፓነሉን ከቆርቆሮው አውርዶ ጎጆው አጠገብ በእንጨት ምሰሶ ላይ ማቆም ይሻላል። አያምርም፣ ግን ይሠራል።

ቬንትሌተሩን እንውሰድ። ቤት ውስጥ ያለው የ220 ቮልቱ ወደ 50 ዋት ይበላል፤ ሌሊቱን አሥር ሰዓት ሲሽከረከር 500 ዋት ሰዓት። ኢንቨርተሩ ራሱ ዝም ብሎ በርቶ በማደሩ ሌላ 100 ያህል ይወስዳል። 100 አምፔር ሰዓት ያለው የ12 ቮልት ሊድ ባትሪ፣ እንዳይጎዳ ከግማሽ በታች አታውርዱት ከተባለ፣ የሚሰጠው 600 ነው። አንድ ቬንትሌተር አንድ ባትሪ ጨረሰ። በቀጥታ በ12 ቮልት የሚሠራው ግን 15 ዋት ገደማ ስለሚወስድ በዚያው ባትሪ ሁለቱ አድረው፣ አምፖሉም በርቶ፣ ለነገ ይተርፋል። ኢንቨርተር አልሸጥልህም ስለው የሚቀየም ደንበኛ አለኝ፤ ይቀየም።

መብራት ያልደረሰበት ቀበሌ ለስላሳ የሚሸጡ አንዲት እናት ያገለገለ ፍሪጅ በርካሽ ገዝተው መጡ። "ልጄ፣ ይኼን ብቻ አስነሳልኝ፤ ሌላ አልፈልግም" አሉኝ። የበሩን ጎማ በጣቴ ስስበው ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ቅዝቃዜ የሚይዝ አይደለም። እንዲህ ያለ ፍሪጅ በዚህ ሙቀት በቀን ከአንድ ኪሎዋት ሰዓት በላይ ሊበላ ይችላል።

"እትዬ፣ ፍሪጁ ረክሶ ባትሪው ያስከፍልዎታል" አልኳቸው።

"ታዲያ በረዶ ሳይኖረኝ ማን ይገዛኛል?"

ጥያቄያቸው ትክክል ነው፤ መልሱም እዚያው ቀበሌያቸው ጤና ኬላ ውስጥ ነበር። አሁን በብዙ ጤና ኬላ የሚታየው የክትባት ማቀዝቀዣ ባትሪ የለውም። ፓነሉ ቀን ሞተሩን በቀጥታ ያንቀሳቅሳል፣ ግድግዳው ውስጥ ያለው ውኃ በረዶ ይሠራል፣ ሌሊቱን የሚያቀዘቅዘው ያ በረዶ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚቀበላቸው ፀሐይ ቢጠፋ እንኳ ቢያንስ ሦስት ቀን እንዲቆዩ ይጠየቃሉ። ለመጠጥ ያን ያህል ጥንቃቄ አያስፈልግም። ክዳኑ ወደ ላይ የሚከፈት በ12 ቮልት የሚሠራ ፍሪዘር፣ ለማስነሻ አንዲት ባትሪ፣ ውስጡ ውኃ የሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ፤ ቀን በረዶ ይሠራል፣ ማታ ይጠፋል። እሳቸውም ያገለገለውን ሸጠው ጨመሩበት።

ዕቃ ሲገዙ የሚታለሉትን ሳይ ደግሞ ያበሳጨኛል። ጥሩ ፓነል በአንድ ካሬ ሜትር 200 ዋት ገደማ ይሰጣል። በክንድ ለክቶ ካሬ ሜትር የማይሞላውን "300 ዋት" የሚለውን መተው ነው፤ ጽሑፍ ማተም ቀላል ነው። 100 አምፔር ሰዓት የሚባል የሊድ ባትሪም 26፣ 28 ኪሎ ይመዝናል። የሰሊጥ ነጋዴው ጎረቤቴ ሚዛን ላይ ጭነነው 15 ኪሎ ያሳየን አለ። ውስጡ ሊድ ከሌለ ምን ሊያጠራቅም?

ከተማው ውስጥ ቆጣሪ ያላችሁ ሰዎች ጉዳይ ሌላ ነው። መብራት የሚሄድና የሚመጣ ከሆነ መጀመሪያ የሚያስፈልጋችሁ ፓነል አይደለም፤ መብራት ሲመጣ የሚሞላ ባትሪና ቻርጀር ያለው ኢንቨርተር ነው። የመጀመሪያው 50 ኪሎዋት ሰዓት ለብዙ ዓመት በ27 ሳንቲም ገደማ ሲሸጥ በኖረበት አገር ፓነል ወጪውን ይመልሳል ብዬ አልዋሻችሁም። ምጣድ ላሰባችሁማ አይሆንም፤ የእንጀራ ምጣድ ከሦስት ኪሎዋት በላይ ይስባል።

ከከተማ ወጣ ያሉት "መስመሩ በላያችን አልፎ ሱዳን ይገባል፣ እኛ ጨለማ ውስጥ ነን" ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ከጎንደር በሸሕዲ በመተማ አድርጎ ገዳሪፍ የሚገባው መስመር 230 ኪሎ ቮልት የተሸከመ ስለሆነ ማከፋፈያ ጣቢያ ሳይገባ፣ እንደገናም በትራንስፎርመር ሳይወርድ ለቤት አይሆንም፤ ወጪውም የአንድ ቀበሌ አቅም አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው ሁለተኛው የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራምም በ2025 እ.ኤ.አ. 65 በመቶው ሕዝብ ከዋናው መስመር፣ 35 በመቶው ከመስመር ውጭ መብራት ያገኛል ብሎ ነበር ያቀደው። ለእነዚህ ሰዎች ሶላር ይሆናል ወይ ብሎ መጠየቅ ቅንጦት ነው፤ ጥያቄው ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል የሚለው ነው። ሰሜን ሸዋ ሬማ የምትባል መንደር በ1990ዎቹ መጨረሻ ቤት ለቤት አነስተኛ ሶላር ሲገባላት፣ ነዋሪው በየወሩ ለጥገና ይከፍል ነበር፤ የሶላር ቴክኒሻን ማሠልጠኛም እዚያው ተከፍቶላታል። ከአምፖሎቹ ይልቅ የምቀናው በዚያ ወርኃዊ ክፍያ ነው።

የእርሻ ካምፕ ያላቸው የሰሊጥ ባለሀብቶች ደግሞ የተገላቢጦሽ ናቸው። አራሚው ከደጋ ወርዶ ካምፑ የሚሞላው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው፤ ያን ጊዜ ሰማዩ ደመና ነው፣ ፓነሉ ከበጋው ምርት ግማሹን የማይሞላበት ቀን አለ። ምርት ተሰብስቦ ሰው ሲበተን ደግሞ ፀሐዩ ይበረታል፤ ባትሪው ሰው በሌለበት፣ በሸራ ዳስ ውስጥ፣ ማንም ሳያየው ይቀቀላል። ለአራሚው የእጅ የሶላር መብራት ይበቃዋል። ለጽሕፈትና ለስልክ የሚሆነውን ግን ተነቃቅሎ እንዲጫን አድርጌ እሠራዋለሁ፦ ፓነሉ በአራት ብሎን፣ ባትሪው እጀታ ባለው ሳጥን። ኅዳር ላይ ከመጨረሻው ሰሊጥ ጋር መኪና ላይ ወጥቶ ከተማ ይገባና፣ የባለቤቱ ቤት ጣሪያ ላይ በዚያው ልክ የተበሳ ብረት ይጠብቀዋል። ሚያዝያ ሲደርስ ቬንትሌተር ያዞራል።